የፊርማው ሣጥን

የበደለኝ ታናሽ ወንድሜ ነው። የበደለኝም ባለፈው ዓመት ግንቦት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መገናኛ አጠገብ ካለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ነው። የሚያውቁን ሰዎች ከዚያ በፊትም ብዙ እንደተበዳደልን ያወራሉ። ያንን እዚህ አላስገባውም። ይኼ ይበቃኛል።

ዕለቱ የመጽሐፉ ምረቃ ነበር። መጽሐፉ በሥዕል የሚነገር ልብ ወለድ ነው፤ ወጣቶቹ ግራፊክ ኖቭል ይሉታል። አራት ኢትዮጵያውያን ጠፈርተኞች ከእንጦጦ ጫፍ በመንኮራኩር ተነሥተው ውሃ ወደሌለባት ፕላኔት ይሄዳሉ። ሦስቱ ይሞታሉ፤ ካፒቴኑ ይተርፋል። ታሪኩን የጻፈው ወንድሜ ነው፤ ይኼን አልወስድበትም። ሥዕሉን ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ መቶ አሥራ ሁለቱንም፣ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ካራ ባለው በአባታችን ቤት ተቀምጬ የሣልኩት እኔ ነኝ።

እሱ "ደራሲና ሠዓሊ" ተብሎ ተጠርቶ መድረክ ላይ ወጣ። አዲስ ሱፍ ለብሷል። እግዚአብሔርን አመሰገነ፣ ሚስቱን አመሰገነ፣ ሥዕሎቹን በኮምፒውተር ቀለም የቀባችለትን ልጁን አመሰገነ። ከዚያ "በመጨረሻም ታላቅ እህቴን ላመሰግን እወዳለሁ" ሲል እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነጠላዬን አስተካከልኩ። ልነሣም ትንሽ ወደፊት ተጠግቼ ነበር።

"ስንሠራ ሻይ አፍልታ፣ ሳትሰለች አጠጥታናለች። እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ!"

ሰው አጨበጨበ። አጠገቤ የተቀመጡ የማላውቃቸው ሴትዮ ክንዴን ጨብጠው፣ "ታድለሽ! እንዲህ ያለ ወንድም በዚህ ዘመን የት ይገኛል?" አሉኝ። መጽሐፉን ገለጥኩት። ከርዕሱ ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ፣ ብቻውን፣ "ለእህቴ፣ ለሻዩ" ይላል።

እኔ ሻይ አልጠጣም፤ ጨጓራዬን ያመኛል። ከልጁ ጋር እኔ ዘንድ ሲመጡ ሻይ የሚያፈላው እሱ ራሱ ነበር። ቅጠሉንም የሚያመጣው እሱ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ካርታ ነዳፊ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራውም። ከሥሩ መብራት በሚበራ የመስታወት ጠረጴዛ ላይ አጎንብሼ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ ወፍራም ፊልም ላይ፣ በጥቁር ቀለም የአገሩን ተራራና ወንዝ ሳሰምር ኖርኩ። የተሳሳተ መስመር የሚጠፋው በምላጭ ነው። ምላጩን ጋደም አድርጎ፣ ሳይጫኑ፣ ቀለሙን ብቻ ማንሣት ነው። እኔ የፋቅሁት ቦታ በጣት ቢዳሰስ እንኳ አይታወቅም ነበር። በኋላ ኮምፒውተር መጣ፣ ጠረጴዛዎቻችን መጋዘን ገቡ፣ እኔም ጡረታ ወጣሁ። የተረፉት የፊልም ጥቅሎች ይጣሉ ሲባል ለምኜ ወሰድኳቸው። ለምን እንደምፈልጋቸው አላውቅም ነበር።

ወንድሜ የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ነው፤ አያት ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው። ጴንጤ ከሆነ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ እኔ አልሆንኩም። በሃይማኖት ተጣልተን ግን አናውቅም፤ ሌላ በቂ ምክንያት ነበረን። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ሴት ልጁን አስከትሎ፣ የታሪኩን ሁለት ክፍል የጻፈባቸውን ሁለት ደብተር ይዞ መጣ።

"እትዬ፣ ሠዓሊ አጣሁ። የጠየቅኳቸው ልጆች ሁሉ የፈረንጅ ጡንቻ ነው የሚሥሉልኝ።"

"እኔ ሠዓሊ አይደለሁም። ካርታ ነው የማውቀው።"

"ፕላኔትስ መሬት አይደለም እንዴ? ጡረታሽን ግድግዳ እያየሽ ልትጨርሺው ነው?"

እውነቱን ነው፤ ግድግዳ እያየሁ ነበር። እሺ አልኩ።

ለካ ሰውም መሣል እችል ኖሯል። ለካፒቴኑ የወንድሜን የወጣትነት መልክ ሰጠሁት፤ ደስ አለው። ሦስቱን ሟቾች ከድሮ መሥሪያ ቤቴ ሰዎች ወሰድኳቸው። አንድ ቦታ ላይ በደብተሩ ውስጥ፣ "የካፒቴኑ እህት፣ አሮጊት፣ በር ላይ ቆማ እጇን ታወዛውዛለች። አታለቅስም" ይላል።

"ይህቺን ከማን ልውሰዳት?" አልኩት።

"ቤትሽ መስታወት የለም እንዴ?" አለኝ። ልጁም እሱም ሳቁ።

ሣልኳት። ከዚያ ገጽ በኋላ በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ዳግም አትታይም።

የቸገረኝ ፕላኔቷ ነበረች። የሌለ መሬት መሣል አልችልም፤ እጄ እምቢ ይላል። ሰው ከጭንቅላቱ አውጥቶ የሚሥለው ተራራ ሁልጊዜ ይዋሻል፤ ውሃ ቢፈስበት ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ይኖረዋል። ለዐይን ባይታይም እኔን እንቅልፍ ይነሣኛል። ስለዚህ እኔ ራሴ ድሮ የነደፍኩትን የዚህን አካባቢ ካርታ አወጣሁ። ከእንጦጦ ሸንተረር እስከ ካራ ያለውን። ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ፣ ራሱን ወደ ታች አድርጌ አነጠፍኩትና በላዩ ላይ ፊልሙን ዘርግቼ የከፍታ መስመሮቹን ተከተልኳቸው። ባሕር ዛፉን አነሣሁ፣ ቤቱን አነሣሁ፣ ወንዙን አደረቅሁት። የቀረው ፕላኔት ሆነ። ወንድሜ ሲያየው በአፉ ላይ እጁን ጫነ። "ይኼ መሬት አይደለም! ይኼ የማናውቀው ዓለም ነው!" አለ። ከየት እንደመጣ አልነገርኩትም።

አሁን ስለ ሣጥኑ ልናገር።

መሥሪያ ቤት ሳለን በየካርታው ቀኝ ግርጌ አንድ ትንሽ ሣጥን እናሰምር ነበር፤ የፊርማ ቦታ ነው። ነዳፊ ባዶውን ይተወዋል። የክፍሉ ኃላፊ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ሁሉንም ይፈርማል። ማን እንደነደፈው ከኃላፊው በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሱም ጡረታ ሲወጣ ይረሳዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ነው የሠራሁት። ስለዚህ የወንድሜን የመጀመሪያ ገጽ ስጨርስ እጄ ራሱ ወደ ቀኝ ግርጌ ሄዶ ሣጥን አሰመረ። አላሰብኩበትም። ሰው ቤቱ ሲገባ በሩን እንደሚዘጋው ነው።

ወንድሜ አየው። "ይኼ ምንድን ነው?"

"የፊርማ ቦታ።"

"የማን ፊርማ?"

"የኃላፊው።"

ከት ብሎ ሳቀ። "እንግዲያው ኃላፊው እኔ ነኛ! ብዕር አቀብዪኝ።"

አቀበልኩት። የራሴን ብዕር፣ ቀለሙን ሞልቼ። ይኼን በኋላ ለመጡት ሽማግሌዎች አልነገርኳቸውም፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ቀልድ ነበር፤ ሦስታችንም ሳቅን። በየሁለት ሳምንቱ እየመጡ ያለቀውን ሲወስዱ ይፈርማል። ከአሥረኛው ገጽ በኋላ መሳቅ ተወን። ከሃያኛው በኋላ ብዕር መጠየቁን ትቶ የራሱን ይዞ ይመጣ ጀመር። ልጁ ከነፊርማው ስካን ታደርገውና ፊልሙን ትመልስልኛለች። እኔም ሣጥን ማስመሬን አላቆምኩም። ማቆም እችል ነበር። ለምን እንዳላቆምኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ መልሱን እዚህ አልጽፈውም።

ከምረቃው በኋላ አንድ ወር ዝም አልኩ። "ተቀየምሽ እንዴ?" ብሎ አንድ ጊዜ ደወለ። "በምን?" አልኩት። "አይ፣ እንዲያው" አለና ስለ ዝናቡ አወራን።

ሰኔ ላይ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የንባብ ክበብ በመጽሐፉ ላይ ውይይት አዘጋጀ። አልጠራኝም። ሄድኩ። ተማሪው፣ አስተማሪው፣ የተወሰነ ወላጅም መጥቷል። ከኋላ ተቀመጥኩ።

አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ "ቲቸር፣ ፕላኔቷን ግን እንዴት ፈጠርካት?" አለችው።

"ከምናቤ ነው" አለ። "ዐይኔን ጨፍኜ አየኋት። እንዲህ ያለ ቦታ ምድር ላይ የለም።"

እጄን አወጣሁ። ማይኩን ሰጡኝ። ወንድሜን በሕይወቴ አንቱ ብዬው አላውቅም።

"መምህር፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። እባክዎ ገጽ ሠላሳ ስድስትን ያውጡልን።"

ፊቱ አመድ መሰለ። "እትዬ..." አለ። ተማሪው የእህትና የወንድም ጨዋታ መስሎት ሳቀ።

"አሁን መጽሐፉን ይገልብጡት። ልጆች፣ እናንተም ገልብጡት፤ ራሱን ወደ ታች።"

አዳራሹ በወረቀት ድምፅ ተሞላ።

"ይህ ከላይ ያለው የእንጦጦ ሸንተረር ነው። ይህ ወደ ካራ የሚወጣው ዳገት ነው። ይህ ሰባት ጊዜ የሚታጠፈው ደረቅ ሸለቆ ከቤታችን ጀርባ ያለው ወንዝ ነው፤ ልጅ ሆነው ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ወድቀው ያወጣሁዎት። አሁን ካፒቴኑ ባንዲራ የተከሉበትን ይመልከቱልኝ። የት እንደሆነ ያውቁታል?"

ገጹን ያያል። እውነትም አላወቀውም።

"አሥራ ስምንት ዓመት ኖረውበታል እኮ።"

መጽሐፉን እንደገና አዟዟረው።

"የድሮው ሽንት ቤታችን ነው።"

መጀመሪያ ማንም አልሳቀም። ቀጥሎ አንድ ልጅ ስልኩ ላይ የሳተላይቱን ካርታ ከፍቶ፣ "ኧረ እውነቷን ነው! ወንዙ ቁርጥ ራሱ ነው!" ብሎ ጮኸና አዳራሹ ፈነዳ። አስተማሪዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ባንዲራውን እዚያ ያስቀመጥኩት ሳላስበው ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር። አስቤበት ነው። ያንን ገጽ የሣልኩት የራሱን ብዕር ይዞ መምጣት ከጀመረ በኋላ ነው።

ሳቁ ጋብ ሲል ሌላ ጥያቄ ጨመርኩ። "ለልጆቹ ካፒቴኑን ሰሌዳው ላይ ቢሥሉላቸው? ፊቱን ብቻ። የእርስዎ ፊት ስለሆነ አያስቸግርዎትም።"

"አዎ፣ ቲቸር፣ ሣልልን!" አሉ ልጆቹ። ተንኮል አልነበራቸውም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት።

ማርከሩን አነሣ። ለምን እንዳነሣው አላውቅም፤ አሞኛል ብሎ መቀመጥ ይችል ነበር። አንድ ክብ ሣለ። ክቡ አልገጠመለትም። ውስጡ ሁለት ዐይን አደረገ፤ አንዱ ከአንዱ ከፍ አለ። ከፊት የተቀመጠች ልጅ "ድንች!" አለች፤ ጓደኛዋ አፏን ያዘቻት። ልጁ፣ ቀለም ቀቢዋ፣ ግድግዳው ሥር ቆማ መሬት መሬት ታይ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። ማይኩን ለሰጠኝ ልጅ መልሼ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ስሙ "ቲቸር ሻይ" ሆኖ ጠበቀው። የመጽሐፉን መታሰቢያ ገጽ ያላነበበ ተማሪ አልነበረም። ኮሪደር ላይ ሲያልፍ ከኋላው "ሻይ አለ?" ይሉታል። ደም ግፊቱ ተነሣና ፈቃድ ወጣ። አሳታሚውም ለሁለተኛው ክፍል ሥዕሉን የሣለችው ራሷ መጥታ ውል ካልፈረመች አላትምም አለው። ሁለተኛው ክፍል እኔ ዘንድ ነበር። ከምረቃው በፊት አርባ ገጽ ጨርሼ ነበር፤ ገና አልወሰዷቸውም።

ጥቅምት ላይ ሽማግሌ ላከብኝ። ሦስት ሰው ነው የመጣው፦ የእሱ ቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊ፣ የጎረቤቴ ባል፣ ከእኔ ጋር የሠሩ አንድ የድሮ ነዳፊ። ሳሎን ተቀመጡ። ወንጌላዊው ትሑት ሰው ናቸው፤ ገና እንደተቀመጡ፣ "እህታችን፣ ጥፋቱን አምኗል። ስምዎ ከእሱ ስም በላይ ይጻፋል። በአደባባይም ይቅርታ ይጠይቃል። ሌላ ምን ይፈልጋሉ?" አሉኝ።

እውነቱን ለመናገር ሌላ የምፈልገው ነገር አልነበረም። የፈለግሁት ያንን ነበር።

"መጀመሪያ ሻይ ልቅዳላችሁ" አልኩ።

ወንድሜ ጥሎት ከሄደው ቅጠል አፈላሁ። ሦስቱም አቀርቅረው ጠጡ። የጎረቤቴ ባል ስኳር ሊጠይቅ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። የድሮው ነዳፊ ብቻ ሲወጡ በር ላይ ቀረት አሉና፣ "ሣጥኗን አይቻት አወቅሁሽ። ከእኛ ክፍል በቀር እንዲያ የሚያሰምር የለም። ታዲያ ምነው ለእሱ ባዶ ተውሽለት?" አሉኝ። ሦስቱንም፣ አስቤበት እነግራችኋለሁ ብዬ ሸኘኋቸው።

ኅዳር መግቢያ ላይ ልጁ ብቻዋን መጣች። ከሰዓት ነው፤ ፀሐይ ጠረጴዛው ላይ ወድቋል። ከስታለች።

"አክስቴ፣ አባዬ ከቤት አይወጣም። ቴሌስኮፖቹን እንይ ብዬ እንጦጦ ልወስደው ብል እንኳ እምቢ አለኝ። ፕሊስ። ስምሽ በትልቁ፣ ከላይ። ዲዛይኑን ሠርቼዋለሁ፣ ልታዪው ትችያለሽ።"

ስልኳ ላይ አሳየችኝ። ስሜ በትልቁ፣ ከላይ ነበር። ፊደሉም ጥሩ ነው።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ" አልኳት። "'ለሻዩ' የሚለውን ማን ጻፈው?"

ፊቷ ቀላ። "አባዬ ስለ አንቺ አንድ ቆንጆ ነገር ጻፊ አለኝ። እኔ... ፈኒ ይሆናል ብዬ ነው። ኪውት ነገር። ሶሪ፣ አክስቴ።"

"ሻይ አፍልቼልሽ አውቃለሁ?"

"አታውቂም።"

ተነሣሁና ጥቅሉን አመጣሁ። አርባዎቹን ገጾች አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላት። ፀሐዩ በውስጣቸው ያልፋል። አፏን ከፍታ ቀረች፤ ሥዕል ታውቃለች፣ ይኼን አልክድም። ከመጀመሪያው ክፍል እንደሚበልጡ አየች። የመጨረሻው ካፒቴኑ ወደ ምድር የሚመለስበት ነው። የእንጦጦን ዳገት ብቻውን ወርዶ የቤቱን በር ያንኳኳል፤ አሮጊቷ ትከፍትለታለች። ደብተሩ "ትከፍታለች" ብቻ ነው የሚለው። ፊቷን አሥራ አንድ ቀን ሠርቼበታለሁ። በሕይወቴ ከሣልኩት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

"አክስቴ" አለች ልጅቷ፣ እንባ በእንባ ሆና፣ "ይኼ ሲታተም ሰው ሁሉ ያለቅሳል።"

ምላጩን ከመሳቢያው አወጣሁ። የመጨረሻውን ገጽ ወደ እኔ ሳብኩና ከበሩ ጀመርኩ። መጀመሪያ የማስተካክለው ነገር ያለ መስሏት ዝም ብላ አየች። በሩ አልቆ ወደ ካፒቴኑ እጅ ስደርስ ገባት።

"ተዪ! አክስቴ፣ ተዪ እንጂ! በእናትሽ!"

"እጅሽን አንሺ፤ ምላጭ ነው።"

አነሣች። አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፤ አልቸኮልኩም። ካፒቴኑን ፋቅሁ፣ ዳገቱን ፋቅሁ፣ አሮጊቷን ከእግሯ ጀምሬ ወደ ላይ ፋቅሁ። ልጅቷ መውጣት ትችል ነበር፤ አልወጣችም። ሁሉም ሲያልቅ ብናኙን በጨርቅ ጠርጌ ፊልሙን ወደ ብርሃኑ አነሣሁት። ምንም አይታይበትም። ከቀኝ ግርጌው ሣጥን በቀር።

ሰጠኋት። "ሣጥኑ ባዶ ነው፤ ለአባትሽ ውሰጂለት። ኃላፊው እሱ ነው፣ ይፈርምበት።"

ፊልሙን ጠቅልላ ይዛ ሄደች። በሩን ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው።

ቀሪዎቹን ሠላሳ ዘጠኝ ገጾች በዚያው ሳምንት ፍቄ ጨረስኩ። በሳሙና አጥቤ ገመድ ላይ አሰጣኋቸው። ስድስቱን መስታወቱ በተሰበረው የዶሮ ቤት መስኮት ላይ ቸነከርኳቸው፤ ነፋስ አያስገቡም። የተረፉትን ጠቅልዬ አልጋ ሥር መለስኳቸው። ለወንጌላዊው ደውዬ መልሴ እምቢ እንደሆነ ነገርኳቸው።